ቴሌቪዥን ውስጥ ለመሥራት የሚዲያ ዲግሪ ያስፈልገኛል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁም። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የትምህርት ክፍል መምረጫው ቀን እየደረሰ ነው፤ እኔ ግን መወሰን አቅቶኛል።

ፍላጎቴ ስክሪን ላይ መታየት አይደለም። ልቤን የሚወስደው ኤዲቲንግ ነው፤ ካልሆነም ፕሮዲውሰርነት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነፃ ስሪት ራሴን አስተምሬ አጫጭር ቪዲዮዎች እሠራለሁ። ቃለ መጠይቅ ስቆርጥ የተናጋሪው ድምፅ ቀድሞ ገብቶ ምስሉ እንዲከተለው ማድረግን፣ 180 ዲግሪ የሚባለውን የካሜራ ሕግም (ካሜራው በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ያለውን ምናባዊ መስመር እንዳያልፍ የሚለውን) ከዩቲዩብ ነው የለቀምኩት። ታዲያ ይህን ሁሉ በነፃ ካገኘሁ፣ ዓመታት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የመገናኛ ብዙኃን ንድፈ ሐሳብ ማጥናቱ ምን ይጨምርልኛል?

ብቻዬን ላገኘው የማልችለው ነገር ግን አለ፦ ባለ ብዙ ካሜራ ስቱዲዮ። ቀጥታ ሥርጭት ላይ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ ካሜራ መቀያየር ቤት ውስጥ በላፕቶፕ የሚለመድ አይደለም። የተግባር ልምምድ ቦታም ቢሆን በትምህርት ቤት በኩል ሲሆን ይቀላል ይባላል።

አጎቴ ደግሞ «ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ ተማር፤ ካሜራውን በጎን ትለምደዋለህ» ይለኛል። ለዜና ክፍል ከሆነ ውኃ የሚያነሣ ሐሳብ ነው፤ ለኤዲተር ግን እንጃ።

እናንተ ሰው ስትቀጥሩ መጀመሪያ የምታዩት ዲግሪውን ነው ወይስ የሥራ ናሙናውን? ዲግሪውን የተማራችሁስ፣ ዛሬ ሥራ ላይ የጠቀማችሁ የትኛው ኮርስ ነው? ከመመዝገቤ በፊት ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ያለብኝ ነገር ካለም ንገሩኝ።