ለፌሪንግ ብሎኖች የሚስማማው የካውንተርሲንክ መቁረጫ የትኛው ነው?

ጥያቄ (ጋራዥ ሠሪው)

የተከበራችሁ የሙያ ወዳጆች፣ በቤቴ ጋራዥ አርቪ-7 አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። የላሜራው ሥራ በአብዛኛው ተጠናቆ አሁን የጭራውን መጋጠሚያ ወደሚሸፍኑት የፋይበርግላስ ፌሪንጎች ደርሻለሁ። ሽፋኖቹ የሚታሰሩት በቁጥር 6 ጠፍጣፋ ራስ ብሎኖች ስለሆነ፣ የብሎኑ ራስ ከገጹ ጋር እኩል እንዲተኛ የእያንዳንዱን ቀዳዳ አፍ እንደ ፈንገል ማስፋት (ካውንተርሲንክ ማድረግ) ይኖርብኛል። ከተራ የመሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን መቁረጫ በቁራጭ ላይ ስሞክረው ግን ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ማዕዘን ማዕዘን ያለው ሆኖ ወጣ፤ ብሎኑም በጠርዙ ብቻ ተቀምጦ ከሥሩ ክፍተት ቀረ። ምን ዓይነት መቁረጫ ልግዛ? ማይክሮስቶፕ የሚባለው፣ የመቁረጫውን ጥልቀት የሚገድበው ማቀፊያስ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋል?

መልስ (የላሜራ ሰው)

ወንድሜ፣ የክፍተቱ ምክንያት ማዕዘኑ ይመስለኛል። የአውሮፕላን ጠፍጣፋ ራስ ብሎኖችና ሪቬቶች (ላሜራ የሚያያይዙ ምስማሮች) የራሳቸው ማዕዘን 100 ዲግሪ ሲሆን፣ በአሜሪካ ተራ ሱቆች የሚገኙት መቁረጫዎች አብዛኞቹ 82 ዲግሪ፣ በሜትሪክ በሚለኩ አገሮች ደግሞ 90 ዲግሪ ናቸው። ጠባብ ማዕዘን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰፊ ማዕዘን ያለው ራስ ሲገባ ጭነቱ ሁሉ በቀጭኑ የላይኛ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ፋይበርግላስም የሚሰነጠቀው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከስለቱ ብዛት አስቀድመው በመቁረጫው ላይ 100 የሚል መጻፉን ያረጋግጡ።

ማይክሮስቶፑን ያለ ማመንታት ይግዙት። ጥልቀቱን በአንድ ሺሕኛ ኢንች፣ ማለትም በ0.025 ሚሊሜትር ገደማ፣ እርምጃ በእርምጃ ስለሚወስን ሁሉም ቀዳዳ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ በእጅ ግምት ይህን ማግኘት አይቻልም። ስለቱን በተመለከተ ባለ አንድ ስለት መቁረጫ ከባለ ሦስቱ ይልቅ መንቀጥቀጡ ያነሰ ስለሆነ ያዩትን ማዕዘናማ ቀዳዳ ያስቀርልዎታል። በፋይበርግላሱ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ተራውን ብረት ቶሎ ስለሚያደንዘው ካርባይድ ከሚባለው በጣም ጠንካራ ቁስ የተሠራ መቁረጫ ቢመርጡ ይሻላል፤ አሉሚኒየም የሚቆርጡበትን መቁረጫ ግን ለዚህ ሥራ በጭራሽ አይንኩት።

ሲቆርጡ የማቀፊያውን እግር በአንድ እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ አብሮ ከዞረ ገጹን ይቧጭረዋል። ከፌሪንጉ ጀርባም መቁረጫውን የሚመራው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ጣውላ ይሰሩ፤ አለበለዚያ ዘንጉ ለስላሳውን ፋይበርግላስ እያሻሸ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ መቁረጫውም ከመሐል ይወጣል።

መልስ (ነጭ ክንፍ)

ከመሣሪያው በፊት የፌሪንጉን ውፍረት መለካት ያስፈልጋል። የቁጥር 6 ብሎን ራስ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ፌሪንጉ ከዚያ ከቀጠነ መቁረጫው ማዶ ወጥቶ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ጠርዙም እንደ ቢላ ስለታም ይሆናል። በእኔ አመለካከት ብዙ ፌሪንጎች በብሎኖቻቸው ዙሪያ የሚሰነጠቁት በዚህ ነው።

ጋራዥ ሠሪው

እናመሰግናለን። አሁን ለካሁት፤ በጠርዙ አካባቢ 1.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

መልስ (ነጭ ክንፍ)

እንግዲያው ገና አይቁረጡ። ብሎኖቹ በሚያልፉበት መስመር የውስጡን ገጽ በአሸዋ ወረቀት ሸካራ አድርገው፣ በኢፖክሲ የራሰ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ የመስታወት ጨርቅ ይለጥፉ፤ ሲደርቅ እንደገና ይለኩ። ይህን የማይፈልጉ ከሆነ ቲነርማን የሚባለውን ጎድጓዳ ሮንዴላ ይጠቀሙ፤ የብሎኑን ጭነት በሰፊ ገጽ ላይ ያከፋፍላል፣ ነገር ግን ጠርዙ ከገጹ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል።

በመጨረሻ ቀለም የሚቀቡት ከሆነ፣ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥም ስለሚገባ፣ ማይክሮስቶፑን ጥቂት እርምጃ ጠለቅ አድርገው በቁራጭ ላይ ይሞክሩት። የመስታወት ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሳያደርጉ አይጀምሩ።