ከፍልሚያ ጌሞች ሁሉ የምታስቀድሙት የትኛውን ነው? ምክንያታችሁስ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

በደሴም በኮምቦልቻም ያላችሁ የፍልሚያ ጌም ወዳጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? እስከ ዛሬ ከተጫወታችኋቸው የፍልሚያ ጌሞች ሁሉ የምታስቀድሙት የትኛውን እንደሆነ፣ ምክንያታችሁም ምን እንደሆነ ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው። ሥዕሉ ማማሩን ወይም ከልጅነት ትዝታ ጋር መያያዙን ብቻ ከምትነግሩኝ፣ በጌሙ አሠራር ውስጥ ልባችሁን የያዘውን ነገር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የራሴን ላስቀድም፤ እኔ የምመርጠው ቴከን 5ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቴከኖች የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠራው የጌም ማሽን) ቅጂ በዚያው ዲስክ ይዞ ስለመጣ፣ ዲስኩን ያገኘ ሰው ጌሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በእጁ እየፈተሸ ማየት ይችል ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ የምወድለት ግን የቁልፎቹን አደራደር ነው። አራቱ ቁልፎች የተዋጊው ሁለት እጆችና ሁለት እግሮች ናቸው፤ አራት ማዕዘኑ ግራ እጅን፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅን፣ ኤክሱ ግራ እግርን፣ ክቡ ቀኝ እግርን ያዛል። በዚህ የተነሣ ሰኞ ገበያ ውሎ ሲመለስ ወደ ጌም ቤት ጎራ ያለ፣ ጆይስቲክ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እንኳ የሚጫነው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ከሚያየው አካል ጋር ወዲያው ይገናኝለታል፤ ያው ልጅ ዓመታት ቢለማመድ ደግሞ የሚማረው አያልቅበትም።

ኪንግን እንመልከት። ይህ የጃጓር ጭንብል ያጠለቀ ታጋይ ሊይዛችሁ ሲመጣ ዓይናችሁን ከእጆቹ ላይ ማንሣት የለባችሁም፤ ግራ እጁን ከዘረጋ በግራ እጅ ቁልፍ፣ ቀኝ እጁን ከዘረጋ በቀኝ እጅ ቁልፍ፣ ሁለቱንም ከዘረጋ ሁለቱን ቁልፎች በአንድነት በመጫን ነው የምታመልጡት። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ ቁልፎችን በዘፈቀደ መደብደብ ፈጽሞ አያዋጣም። የመጨረሻው ባላጋራ ጂንፓቺ ግን ደስ አይለኝም፤ ተጫዋቹን ባለበት አደንዝዞ ከሩቅ እሳት የሚለቅ ተቃዋሚ፣ በእጅና በእግር ጥበብ ላይ ከቆመው ከቀረው ጌም ጋር አይሄድም።

እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

የበርበሬ ወንዝ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ስለ ኪንግ የጻፍከው ልክ ነው። መለኪያው አይቶ መወሰን ከሆነ ግን ከስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ የሚበልጥ ጌም አላየሁም። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ይህ ጌም ፓሪ የሚባል የመከላከያ ስልት አለው። በአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጌሞች ምት ሲመጣባችሁ አቅጣጫውን ወደ ኋላ ይዛችሁ ትከላከላላችሁ፤ በዚህኛው ግን ምቱ ሊያርፍ ባለበት ቅጽበት አቅጣጫውን ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ መቺው፣ ነካ ታደርጋላችሁ። ሰዓቱን ካገኛችሁት ምቱ ይመክናል፣ ከጉልበታችሁም ምንም አይቀነስም፣ አጸፋውን ለመስጠትም ፋታ ታገኛላችሁ። ሰዓቱን ከሳታችሁት መከላከያችሁን ለቃችሁ ስለነበር ምቱ ሙሉ በሙሉ ያርፍባችኋል። ፍርሃትን አሸንፎ ወደ ምቱ መግባትን የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ስልት በሌላ ጌም ውስጥ በዚህ ደረጃ አልገጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ በተካሄደው ኢቮ በሚባለው ትልቅ የፍልሚያ ጌም ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ያደረገው ግጥሚያ የፓሪን ትርጉም ለዓለም አሳይቷል። የዳይጎ ተዋጊ ኬን ጉልበቱ ከማለቁ የተነሣ ልዩ ምትን ቢከላከል እንኳ በመከላከል ብቻ በሚቀነሰው ጥቂት ጉልበት ይሸነፍ ነበር። ጀስቲን በራሱ ተዋጊ በቹን ሊ የሰነዘረውን 15 ተከታታይ ምት ያለውን ጥቃት ዳይጎ አንድ በአንድ በፓሪ አመከነና ወዲያው መልሶ በመምታት ዙሩን አሸነፈ። ቪዲዮውን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ በተለይ የመጀመሪያው ምት ከመነሣቱ በፊት ኬን ሲያደርገው የነበረውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ልብ በሉ።

እኔ ይህን ጌም የለመድሁት በዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ በላፕቶፕና በሁለት የዩኤስቢ ጆይስቲኮች ነው። ጌሙ ቀላል ስለሆነ ደካማ ኮምፒውተር አይከብደውም፤ መብራት ሲጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ውድድራችንን እንጨርስ ነበር።

ባለ ጌም ቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ)

ልጆቼ፣ ጥሩ ወግ አንሥታችኋል። እኔ የማየው ከባለ ቤቱ ወንበር ስለሆነ መለኪያዬ ከእናንተ ይለያል። የምመርጠው ቴከን 7ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለኮንሶልና ለኮምፒውተር የወጣው ይህ ጌም ሬጅ አርት የሚባል አንድ ከባድ ምት አለው፤ የተጫዋቹ ጉልበት ሊያልቅ ሲቃረብ ይከፈትለታል፣ ሲሰነዝረውም የተቃራኒውን ምት ችሎ ያልፋል። ተቃራኒው አስቀድሞ ነቅቶ ከተከላከለው ግን ሰንዛሪው ለቅጣት ይጋለጣል። ስለዚህ ጀማሪው እስከ መጨረሻው ተስፋ ይኖረዋል፣ አዋቂውም እስከ መጨረሻው መጠንቀቅ ግዴታው ይሆናል። በእኔ ቤት ተሸናፊ ከፍሎ ይነሣል፤ ተስፋ የሌለው ተሸናፊ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ከጌሙ ተዋጊዎች አንዱ በሆነው በኤዲ ጉዳይ ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። «ኤዲን የያዘ ሰው እንዳይጫወት ይከልከል» እያሉ የሚወተውቱኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከልክዬ አላውቅም። ኤዲ የብራዚልን ካፖይራ የሚጫወት ስለሆነ እግሩ ከየት እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል፣ ቁልፍ እየደበደበ የሚያሸንፍበት ጀማሪም አይጠፋም። ተዋጊውን ቁጭ አድርጎ መከላከልን የተማረ፣ ኤዲ ምቱን ጨርሶ እስኪገለጥ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ተጫዋች በቀላሉ ይረታዋል። ከልክዬ ቢሆን ኖሮ ደንበኞቼ ይህን ትዕግሥት ከየት ይማሩት ነበር?

ቴከን 7ን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 አርስላን አሽ የተባለ የፓኪስታን ልጅ በጃፓን የተደረገውን ኢቮ፣ ከዚያም በላስ ቬጋስ የተደረገውን ዋናውን ኢቮ በአንድ ዓመት ውስጥ አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ ስሙ የሚነሣው የጃፓንና የኮሪያ ተጫዋች ነበር፤ የላሆር ልጆች ግን ማንም ሳያውቃቸው በጌም ቤት እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት እየተጋጠሙ አድገው ነበር። ይህን ወሬ የሰሙ ደንበኞቼ ከዚያ ወዲህ ጆይስቲክ አያያዛቸው ሳይቀር ተለውጧል።

ሰላም ወሎ (ደሴ)

የእኔ ምርጫ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ 97 ነው። አንድ ተዋጊ ሳይሆን ሦስት ተዋጊዎችን መርጦ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ፣ ማን በመጨረሻ እንደሚገባ መወሰን ያስፈልጋል፤ ያሸነፈው ተዋጊም ጉልበቱ ጥቂት ብቻ ተጨምሮለት የሚቀጥለውን ይገጥማል። እኔ ጠንካራውን ወደ መጨረሻ የማስቀመጥ ልማድ ስላለኝ፣ ወንድሜ ይህን ስላወቀ የእርሱን ጠንካራ አስቀድሞ አስገብቶ ሁለቱን ቀድመው የሚገቡትን ይጨርስብኛል። ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት በምርጫው ሰዓት የሚደረገው መገማመት ከፍልሚያው ይልቅ የሚጣፍጥበት ጊዜ አለ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እኅቴ ሰላም፣ የቅደም ተከተሉን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር፤ አሁን እንደገና ልጫወተው ነው። ጋሼ፣ ስለ ኤዲ የሰጡትን ፍርድ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ቤት ውስጥ በአዲስ ሰፊ ቴሌቪዥን ስጫወት የቴከኑን ተዋጊ የካዙያን ኤሌክትሪክ የሚባል ቡጢ ጨርሶ ማውጣት አልቻልኩም። የመጨረሻው ሰያፍ አቅጣጫና ቡጢው በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ውስጥ፣ አብረው መጫን እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ግን ይወጣልኝ ነበር። በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር ስጫወትም እንዲሁ ይዘገይብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ጌም ቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ)

ልጄ፣ የቴሌቪዥኑን ነገር እኔም ከደንበኞቼ ነው የሰማሁት። አዲሱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለማሳመር ከማሳየቱ በፊት ስለሚያቀነባብረው ምስሉ ከእጅህ ኋላ ይቀራል፤ ባለ ቱቦው አሮጌ ቴሌቪዥን ይህ ችግር የለበትም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጌም ሞድ የሚለውን አብራው፤ ልዩነቱን ያኔውኑ በእጅህ ታውቀዋለህ። እኔ ለፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች አንዱን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን እስካሁን አልሸጥሁትም።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ (ኮምቦልቻ)

የኢንተርኔቱን ልመልስልህ። ሮልባክ የሚባል አሠራር ያላቸውን፣ እንደ ቴከን 8 እና ስትሪት ፋይተር 6 ያሉትን አዳዲስ ጌሞች ምረጥ። ሮልባክ ያለው ጌም የተቃራኒህን ቁልፍ መረጃ እስኪደርሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ ምን ሊጫን እንደሚችል ገምቶ ይቀጥላል፣ ግምቱ ከተሳሳተም ጥቂት ፍሬሞች ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል። በዚህ ምክንያት የአንተ ምት በራስህ ስክሪን ላይ ሳይዘገይ ይወጣል፤ ርቀቱ በጣም ከበዛ ግን የተቃራኒህ ተዋጊ ድንገት ሲዘል ታያለህ። በዋይፋይ ፈንታ በኬብል ብታገናኘው ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ብትወርድ ነው፤ ላፕቶፑም ጆይስቲኮቹም አሉ፣ ፓሪን ፊት ለፊት አሳይሃለሁ።