ቡናማ ጥርሴን ለሰርጌ ቤት ውስጥ እንዴት ላንጣው?

የጥር ሙሽራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርጌ ጥር ላይ ነው፤ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ያስጨነቀኝ ቬሎው አይደለም፣ ጥርሴ ነው። የላይኛዎቹ አራት የፊት ጥርሶቼ ላይ ቡናማ መስመርና ነጠብጣብ አለ። ዙሪያውን ደግሞ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ፎቶ የምነሳው ከንፈሬን ገጥሜ ነው። የእጮኛዬ እናት ባለፈው «ልጄ፣ ቡና ታበዣለሽ መሰለኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቡና አልጠጣም!

መጀመሪያ ከሰል ወቅጬ፣ በነጠላ ጫፍ ነፍቼ ሁለት ሳምንት ፈተግኩበት። ቡናማው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቲክቶክ ላይ አይቼ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ አምስት ቀን ተጠቀምኩ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ጥርስ ሳይጎዳ ቤት ውስጥ የሚያነጣ ነገር የምታውቁ ንገሩኝ።

ቡና ሱሴ

ሎሚውን ቶሎ ተውሽው እንጂ ይሠራ ነበር። እኔ ከጨው ጋር አሽቼበት በሳምንቱ ፏ ብሎልኛል። መጠዝጠዙ ያልፋል፣ ቻይው።

የጥርስ ሐኪም ከሐዋሳ

ኧረ እንዳትጨምሪ! ቡና ሱሴ፣ አትቀየመኝ። ያንተ የቡና እድፍ ነው፣ ጥርሱ ላይ የተለጠፈ። ሎሚው እድፉን ያስለቀቀልህ ከጥርሱ ሽፋን ጋር አብሮ እየላጠ ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው። የጥርስ ሽፋን (ኢናሜል የምንለው) ፒኤቹ ገና ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። እንደ ጥፍር ደግሞ መልሶ አያድግም። ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥር ያለው ቢጫው አካል ይታያል። በዓመቱ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። እናቶቻችን ጎምዛዛ በልተው «ጥርሴ ጠረሰ» የሚሉት ለከንቱ አይደለም። የአንተን ዓይነት እድፍ የጥርስ ክሊኒክ ሄደህ በአንድ ቀን እጥበት ያስለቅቁልሃል።

ከሰልም ያው አሸዋ ማለት ነው፣ ይፍቃል። 2017 ላይ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ያወጣው ቅኝት፣ ከሰል ጥርስ እንደሚያነጣም ሆነ እንደማይጎዳ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

ሙሽሪት፣ አንቺን ልጠይቅሽ። የት ነው ያደግሽው? ቡናማው ከመቼ ጀምሮ ነው? ወንድምና እህቶችሽስ?

የጥር ሙሽራ

መቂ ነው ያደግኩት። ቤታችን የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ቡናማው የወተት ጥርሴ ወልቆ ሌላው ሲበቅል ጀምሮ አለ። ሁለቱ ወንድሞቼም እንደኔ ናቸው። ታናሽ እህቴ ግን ገና በሕፃንነቷ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሄዳ ነው ያደገችው፤ ጥርሷ ወተት ነው። እናቴ «እሷ የአባቷን ወስዳ ነው» ትላለች።

የጥርስ ሐኪም ከሐዋሳ

አባትሽም እናትሽም የሉበትም፤ ውሃው ነው። አፍሽን ሳላይ እንዲህ ነው ብዬ መፈረም አልችልም፣ ግን የነገርሽኝ ሁሉ ወደ ፍሎሮሲስ ያመለክታል፤ በልጅነት ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ሲበዛ ጥርስ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መቂም በይው ዝዋይ ወይም ወንጂ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ፍሎራይድ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እኛ አካባቢ የዚያን ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ሆነሽ ቋሚ ጥርስሽ ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው የተነካው። ስለዚህ ቡናማው የሽፋኑ አካል ነው እንጂ ላዩ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ አይደለም። ብትፈትጊው ጥርሱ ያልቃል እንጂ እሱ አይለቅም።

ስቶክሆልም ያለሁት

ከውጭ ስትሪፕ (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ማንጫ) ላስመጣ እንዳትዪ፣ ከኔ ተማሪ። እዚህ አውሮፓ ማንም ከሱቅ የሚገዛው ማንጫ ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (የሚያነጣው ኬሚካል) እንዲይዝ ሕጉ አይፈቅድም። ከዚያ በላይ እስከ 6 በመቶ ያለው በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ክልክል ነው። የአሜሪካኑ ይጠነክራል ብዬ ከአሜሪካ አስልኬ ሁለት ሳምንት ለጠፍኩ። ሌሎቹ ጥርሶቼ ነጡ። አንዱ የፊት ጥርሴ ግን ሰው ሠራሽ ክዳን ነበር። ለካ እሱ አይነጣም! አፌ ውስጥ አንድ የበቆሎ ፍሬ ተሰክቶ የቀረ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ ክዳኑን በአዲስ ማስቀየር ግድ ሆነብኝ።

ወንጂ ያደግኩ

እህቴ፣ እኔም ያንቺው ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ነጭ ጥርስ ያለው ልጅ ካየን «ከየት የመጣ እንግዳ ነው?» ነበር የምንለው።

ከሠራሁት ስህተት ልጀምርልሽ። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ጄል ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ማታ ቀብቼ ተኛሁ። ጠዋት ድዴ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጥቶ ተልጦ ነበር። ሦስት ቀን ሽሮ እንኳን አቃጠለኝ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የጥርሴን ልክ ወስዶ እንደ ጓንት የሚገጥም ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ አሠራልኝ። 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለው ጄልም ሰጠኝ። በየጥርሱ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠብ እያደረግኩ ማታ አጥልቄ አድራለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ላለቅስ ነበር፤ ነጩ ነጠብጣብ ባሰበት! «ታገስ» አለኝ። ቀስ እያለ ሌላውም እየነጣ ሲሄድ ተቀራረበ። የቀረውን ቡናማ እሱ ራሱ በመድኃኒት በስሱ ሞረደው። ሁለት ጥርስ ላይ ደግሞ በጥርሱ ቀለም መሙያ ለጠፈበት። እንደ እህትሽ ወተት አልሆነም፤ ግን ከንፈሬን ሳልገጥም እስቃለሁ።

የጎንደር እናት

ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ድዳችንን ነበር የምንነቀሰው። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ጎልቶ ይታያል። እሾሁ ያመኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጄ፣ የወይራ መፋቂያስ አይረዳሽም?

የጥርስ ሐኪም ከሐዋሳ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መፋቂያ ለዕለት ንጽሕና ጥሩ ነው፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ሲለሰልስና ድድ ሳይወጋ። ከውስጥ ያለውን ቀለም ግን አይቀይረውም። በአንድ መርፌ ወይም እሾህ የተለያየ ሰው ድድ መንቀስ ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል፤ ልጆቹ አይድገሙት።

ሙሽሪት፣ የወንጂው ልጅ መንገድ ነው ያንቺም መንገድ። ግን ጥርስሽ እየጠዘጠዘሽ ማንጫ አትጀምሪ። ሎሚውን፣ ሶዳውን፣ ከሰሉን ዛሬውኑ ተይ። ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት፣ «ሴንሲቲቭ» የሚል የጥርስ ሳሙና ግዢ። በለስላሳ ብሩሽ ቦርሺ፤ ትፊው እንጂ ብዙ ውሃ አትጉመጥመጪበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጪው። እስከዚያ ሐኪም ይይሽ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ እሱ ይቀድማል፤ ጄል ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ሌሊት ታለቅሻለሽ። መሙያ የሚለጠፍልሽ ከሆነ ደግሞ ማንጣቱ ካበቃ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ አለበት፤ ያለዚያ በደንብ አይይዝም። ስለዚህ ቀኑን ከጥር ወደ ኋላ ቁጠሪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይ ካሰብሽ ማንጣቱ ይቆይ።

አፍ ማጠቢያም ያነጣልኛል ብለሽ እንዳታዘወትሪ። ክሎርሄክሲዲን ያለው ሲዘወተር ጭራሽ ቡናማ ያደርጋል።

ቡና ሱሴ

እሺ ዶክተር፣ ሎሚዬን ለሰላጣ መልሻለሁ። ቡናውን ግን አልተውም።

የጥርስ ሐኪም ከሐዋሳ

ማን ተው አለህ? ስትጨርስ አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ፣ ይበቃል።

የጥር ሙሽራ

ዶክተር፣ የወንጂው ወንድሜ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። መቂ የቀረው ወንድሜ የ3 ዓመት ልጅ አለው። ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጣው፣ ግን ሁሌ አፍልተው ነው የሚሰጡት። ይሄ ያድነዋል አይደል?

የጥርስ ሐኪም ከሐዋሳ

አያድነውም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። ውሃው ሲተን ጭራሽ ይጠነክራል። የልጁ የፊት ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ እየተሠሩ ያሉት አሁን ነው፤ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ጊዜው አላለፈም። ንጹሕ የዝናብ ውሃ አጠራቅመው፣ ወይ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ መሆኑ ከተመረመረ ቦታ ቀድተው ለሚጠጣውና ለምግቡ ይለዩለት። ለገላውና ለልብሱ የጉድጓዱ ችግር የለውም። የጥርስ ሳሙናውም የአተር ፍሬ ከምታክል አይብለጥ፤ እንዳይውጠው ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቁም።

የጥር ሙሽራ

እስከ ማክሰኞ አልጠብቅም፣ አሁኑኑ እደውልለታለሁ።