ዝኩኒ፦ አበባው ሞልቶ ፍሬው ይረግፋል፤ ሲይዝስ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ (ጓሮ ወዳድ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት እግር ዝኩኒ አለኝ፤ ሁለቱ መሬት ላይ ናቸው፣ ሁለቱ 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ። ቅጠላቸው ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባም በየቀኑ ይፈካል። ፍሬው ግን የጣት ያህል ሲሆን ከጫፉ ቢጫ ይሆንና ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይረግፋል። በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ እሰጣለሁ። መጠኑን ልጨምር ወይስ የጎደለው ሌላ ነገር ነው? ደግሞ መያዝ ከጀመረ በኋላ ሰው በልቶ አይጨርሰውም ይባላል። ያን ጊዜ እንዴት እንደሚያዝና እንደሚቆይ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

መልስ (ዘር ጠባቂ)

እህቴ፣ ዩሪያውን አቁሚው እንጂ አትጨምሪው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለውም። ናይትሮጅን ሲበዛበት ተክሉ ቅጠል እያበዛ ፍሬውን ያዘገያል። የሚረግፍበት ዋናው ምክንያት ግን ማዳበሪያ አይመስለኝም፤ እንደገለጽሽው ከሆነ ብናኝ አልደረሰውም።

ዝኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባውን በአንድ ተክል ላይ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ግን ገና ሳትፈካ ከሥሯ ትንሽ ዝኩኒ ይዛ ትታያለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺ ትንሽ ፍሬ ስለታየች ብቻ ይዛለች ማለት አይደለም። ብናኝ ካልደረሳት በጥቂት ቀን ውስጥ ልክ አንቺ እንዳልሽው ከጫፏ ቢጫ ሆና ትበሰብሳለች። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ቀትር ሳይሞላ ይከደናል፣ በማግስቱም አይከፈትም። ያን ጠዋት ዝናብ ከጣለ ወይም ንብ ካልመጣ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው።

በእጅ ማገናኘት ቀላል ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በዚያው ጠዋት የፈካ ወንዴ አበባ ቁረጪ። ዙሪያውን ያለውን ቢጫ የአበባ ቅጠል ገንጥለሽ መሃል ያለውን ዘንግ ብቻ አስቀሪ። ዘንጉን በጣትሽ ስትነኪው ቢጫ ዱቄት ሊይዝሽ ይገባል፤ ካልያዘሽ ወይ ገና ነው ወይ ረጥቧል፣ ሌላ ፈልጊ። ከዚያ በሴቴዋ መሃል ያሉትን ጉብታዎች በሙሉ በዘንጉ እየዞርሽ በቀስታ አሺ። አንዱን ጉብታ ብቻ ነክተሽ ከተውሽው ፍሬው ይጎብጣል፣ ወይም ከአገዳው በኩል ወፍሮ ጫፉ ይቀጥናል። አንድ ወንዴ ለሁለት ለሦስት ሴቴ ይበቃል። መያዙ በሦስት በአራት ቀን ይታወቃል፤ የያዘው ወዲያው ማደግ ይጀምራል።

ንብ በብዛት የሚመጣበት ጓሮ ይህን አይፈልግም። ስለዚህ አበባ ባለበት ጊዜ ፀረ ተባይ አለመርጨት ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል። ግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ፣ አበባው ከተከደነ በኋላ ይሁን።

መልስ (ጠል)

በላይኛው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ባልዲዎቹ ግን ልጨምር። 20 ሊትር ለዝኩኒ ያንሳል። ሥሩ ቶሎ ሞልቶት አፈሩ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ቢያንስ 40 ሊትር የሚይዝና 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ከሥሩ የተበሳሳ ይሁን፣ በአንድ ዕቃ አንድ ተክል ብቻ። መሬት ላይ ደግሞ በሁለት ተክል መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

ውሃው እየቆራረጠ ሲሰጥ ሌላ ችግር ይመጣል። የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ይሰረጉዳል፣ እንደ ቆዳም ይደርቃል። ይህ ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ የሚያጓጉዘው ውሃ ነው የተቋረጠው። የእንቁላል ቅርፊት መበተን ለዚህ አይደርስም፤ ለመፍረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መሬት ላይ ላለ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሊትር አጠጪ። ባልዲ ውስጥ ያለው በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ይፈልጋል። ውሃው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። አፈሩን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ሸፍኚ፤ ግንዱን ግን አይንካው፣ ያበሰብሰዋል። ፍሬ መያዝ ሲጀምር በየሁለት ሳምንቱ ፖታሲየም የሚበዛበት ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ ለምሳሌ ለቲማቲም የሚሸጠውን ስጪ።

ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ከነጣ ፈንገስ ነው። የታችኞቹን አሮጌ ቅጠሎች ቆርጠሽ አስወግጂ፣ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ በሳምንት አንዴ ፀሐይ ባለበት ጠዋት እርጪ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚል ውስጥ በዝኩኒ ላይ የተሠራ ጥናት ወተት በዚህ መጠን እንደሚሠራ አሳይቷል። በቅጠሉ ላይ ሥር መሰል መስመሮቹን ተከትሎ የሚታየው ብርማ ነጠብጣብ ግን የአንዳንድ ዘር ተፈጥሮ ነው፤ አትንኪው። ቅጠሉ ተጨማዶ በቢጫና አረንጓዴ ከተዥጎረጎረ፣ ፍሬውም ጎርበጥባጣ ከሆነ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ያመጣው ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ሳይዛመት ነቅለሽ አውጪው።

ጓሮ ወዳድ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሴቴ ፈክተው ወንዴ ግን አንድም የለም። ሌላ ተክል ብናኝ መስጠት ይችላል?

መልስ (ዘር ጠባቂ)

ይችላል፣ ዝርያው ኩኩርቢታ ፔፖ የሚባለው ከሆነ። ሌሎች የዝኩኒ ዓይነቶችና አንዳንድ ዱባዎች የዚሁ ዝርያ ናቸው። የምትበይው ፍሬ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ውስጡ ያለው ዘር ነው። ሲቀዘቅዝ ሴቴ መብዛቷ፣ ሙቀት ሲጨምርና ቀኑ ሲረዝም ወንዴ መብዛቱ የተለመደ ነው። ንብ ለማይገባበት ቦታ ያለ ብናኝ የሚያፈሩ እንደ ፓርቴኖንና ካቪሊ ያሉ ዘሮች አሉ።

መልስ (ሙሉ መሶብ)

ስለ መብዛቱ እኔ ልመልስ። መፍትሔው የሚጀምረው ቢላዋው ላይ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ አበባው ከፈካ በአራትና ስምንት ቀን መካከል ማለት ነው፣ ቁረጪ። በየሁለት ቀኑ ከቅጠሉ ሥር እያየሽ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር አገዳው ጋር። አንድ ፍሬ ተሸሽጎ ክንድ ካከለ ዘሩን ማብሰል ይጀምርና ተክሉ አዲስ ሴቴ ማውጣቱን ይቀንሳል። ብዙ ሰው “ዘንድሮ ቶሎ አበቃ” የሚለው አንድ የተረሳ ትልቅ ፍሬ ስላለ ነው። በተቃራኒው ከበዛብሽ ሴቴዎቹን ከነትንሹ ፍሬያቸው በአበባነታቸው ቅጠፊ፤ አበባውም ይበላል። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ተክል በቂ ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ ከመዝራት ሁለቱን አሁን፣ ሁለቱን ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ መዝራት ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሲደክሙ ሌሎቹ ይተካሉ።

ሳይታጠብ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን ቆዳው ይቦረቦራል። ለረጅም ጊዜ ፍሪዘር ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከትፈሽ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ፣ ከዚያ አጠንፍፈሽ አድርቂው። በትሪ ላይ ተለያይቶ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ከሆነ በኋላ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ሳይፈላ ከገባ ሲቀልጥ ይላሽቃል። የተፈቀፈቀው ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ቢታሸግ ይመረጣል፤ ሲቀልጥ ውሃውን ጨምቀሽ ነው የምትጠቀሚበት፣ ምክንያቱም ዝኩኒ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ማድረቅ ከፈለግሽ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከትፈሽ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ሲታጠፍ እስኪሰበር።

ያመለጠሽን ትልቁን ቆዳውን ልጠሽ፣ ዘሩንና ስፖንጁን በማንኪያ አውጥተሽ ሥጋውን ተጠቀሚበት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ዝኩኒን በውሃ ብቻ ቀቅሎ ማሰሮ ውስጥ አሽጎ ከፍሪጅ ውጪ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አሲድ ስለሌለው ገዳይ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። በአቼቶ ለማቆየት ካሰብሽ 5 በመቶ አሲድ ያለውን ተጠቀሚ፤ የተሞከረ አሠራር ከሌለሽም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ጓሮ ወዳድ

ግልጽ ነው። የበሰለውን ፍሬ ዘር ለሚቀጥለው ልይዝ?

መልስ (ዘር ጠባቂ)

ዙሪያሽ ዱባ ወይም ቅል መሰል የጌጥ ተክል ካለ አትያዢ። ንብ ያዳቀለችው ዘር መራራ ዝኩኒ ሊያፈራ ይችላል፤ መራራነቱ ኩኩርቢታሲን ከሚባል መርዛማ ነገር ነው፣ ማብሰልም አያጠፋውም። ዘር መያዝ ከፈለግሽ ሴቴዋንም ወንዴውንም ከመፍካታቸው በፊት ማታ በክር እሰሪያቸው፣ ጠዋት ፈትተሽ በእጅሽ አገናኚ፣ ሴቴዋን መልሰሽ እሰሪና ፍሬውን ምልክት አድርጊበት። ከየትም የመጣ ዝኩኒ ቢሆን ከማብሰልሽ በፊት ትንሽ ቁራጭ በምላስሽ ቅመሺ፤ ከመረረ ተፍተሽ ሙሉውን ጣዪው።