የመኪና ውስጥ የጎማና የመንገድ ድምፅን በራስ እጅ ስለመቀነስ

ጥያቄ፦ ማራኪ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳት 1300 ሲሲ ሞተር ያላት፣ የዕቃ መጫኛዋና የመንገደኛው ክፍል ያልተለያዩ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከኮብልስቶኑ መንገድ በቀር፣ ድምፅዋ ብዙም አያስቸግርም። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስወጣና ፍጥነቴ 80 ሲደርስ ግን ከወለሉና ከኋላ ጎማዎች አካባቢ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይነሣል፤ ከኋላ የሚቀመጡት እናቴ የምናገረውን ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ ማለት ግድ ሆኖባቸዋል።

አንድ የወንበር ልብስ ሠሪ በሮቹንና ወለሉን በስፖንጅ እንድሞላ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ለቤት ጣሪያ የሚውለውን የሬንጅ ንጣፍ እንድለጥፍ መክረውኛል። ሥራውን በራሴ እጅ ለመሥራት አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር? ላሜራውን በሙሉ መሸፈን ያስፈልጋል? ደግሞም ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ንጣፍ ከቡቲል ጎማ የተሠራ ነው ስለሚባልና የከባድ መኪና ካላማዳሪያም ቡቲል ስለሆነ፣ አሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጬ በማስቲሽ ብለጥፈው ያው አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ቦዲ ሠሪ፣ አዘዞ

ወንድሜ፣ ላሜራ ከመንካትዎ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚነሣ ይለዩ። ገንዘቡን ወለሉ ላይ ካፈሰሰ በኋላ ጥፋቱ ከጎማው ሆኖ የሚያገኘው ሰው ቀላል አይደለም። ሜዳና ጭር ያለ አስፋልት ላይ በ80 እየሄዱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሡ። ድምፁ ወዲያው ከቀነሰ መነሻው ሞተሩ ወይም ማርሚታው ነው፤ ሳይለወጥ ቆይቶ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ በቀስ ከወረደ ግን ጎማው ወይም ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ደግሞ መንገዱ ነጻ ሲሆን መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብሉ፤ የመኪናው ክብደት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ጉርምርምታው ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። ያለቀ ኩሽኔታ ይቀየራል እንጂ ድምፁ አይሸፈንም፤ ማዘግየቱ ለሕይወት ያሰጋል።

ጎማውን በመዳፍዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዳብሱት። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ከሆነ እኩል ስላልተበላ ይጮኻል፤ የጎማዎቹም አቀማመጥ (አላይመንቱ) መስተካከል አለበት። ዕድሜውንም ይመልከቱ፤ በጎማው ጎን ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ባረጀ ቁጥር እየደረቀ ስለሚሄድ ጥርሱ ባያልቅም ድምፁ ይጨምራል። ነፋሱንም ጎሚስታው በግምት ሳይሆን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ልክ እንዲሞላልዎ ያድርጉ። በመጨረሻም ወረቀት በበሩ ጎሚኒ (ዙሪያውን ባለው የጎማ ማሸጊያ) ላይ አድርገው በሩን ይዝጉ፤ ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከተሳበ ጎሚኒው በዚያ ቦታ አይይዝም፤ ነፋስና ድምፅ የሚገባው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ድምፁ ካልጠፋ ወደ ላሜራው እንሂድ። በአንድ ገጹ አልሙኒየም ያለው የቡቲል ንጣፍ ድምፅን አያግድም፤ ሥራው የላሜራውን ንዝረት መግደል ነው። ላሜራው ሲርገበገብ ቡቲሉ በላሜራውና በአልሙኒየሙ መካከል ወዲያና ወዲህ ስለሚሳብ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ጥቂት ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉን መሸፈን አያስፈልግም፤ የሰፊውን ላሜራ መሃል ይዘው ሩቡን ወይም ሲሶውን ቢለጥፉ አብዛኛውን ጥቅም ያገኛሉ። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በትንሽ ሞተር ላይ ያለ ጥቅም ኪሎ መጫን ደግሞ ነዳጅ ማባከን ነው። ላሜራውን በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ ይሂዱ፤ በሚያቃጭልበት ይለጥፉ፣ ደፍኖ በሚመልስበት ይለፉ።

ከኋላ ጎማዎች ላይ ካለው ጉብታና ከትርፍ ጎማ ማስቀመጫው ይጀምሩ፤ በእርስዎ መኪና ዓይነት ድምፁ በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ መንገደኛው ይገባል። ቀጥሎ ወለሉ፣ ከዚያ በሮቹ። ላሜራው ከአቧራና ከቅባት በአልኮል ይጽዳ፤ ዝገት ካለ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሥራውን ፀሐይ ላሜራውን ካሞቀችው በኋላ ይሥሩት፤ የቀዘቀዘ ቡቲል አይይዝም። ለጥፈው ሲጨርሱ በትንሽ ሮለር አጥብቀው ይጫኑት፤ ከሥሩ የቀረ አየር ሥራውን ያበላሻል።

ስፖንጁን ግን ፈጽሞ ይተዉት። በመስታወቱ ጎን የሚገባው የዝናብ ውኃ በበሩ ውስጥ ወርዶ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ስፖንጅ ያንን ውኃ መጥጦ ክረምቱን ሙሉ ስለሚይዘው በሩ ከውስጥ ይዝጋል፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ቀዳዳዎቹን በቡቲልም ቢሆን እንዳይደፍኑ።

መልስ፦ የመተማ መንገድ ሾፌር

ስለ ሬንጁ አንድ ቃል ልጨምር። ፋብሪካዎችም በወለል ላይ የሬንጅ ንጣፍ እንደሚጠቀሙ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እሱ በቀለም ምድጃ ሙቀት ከላሜራው ጋር የተዋሐደ ነው። የቤት ጣሪያው ዓይነት፣ በተለይ በመኪና ጣሪያና በበር ላይ ሲለጠፍ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ቆላው ሲወርዱ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፤ መስኮት ከፍተው ቢነዱ እንኳ ሽታው ራስ ያዞራል። ደባርቅ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ችግሩ ላይታይ ይችላል፤ መኪና ግን ሁልጊዜ ደጋ ላይ አይኖርም።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ አራዳ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ካላማዳሪያውና ስለሚጠበቀው ውጤት ልናገር።

ካላማዳሪያ ቡቲል መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በድኝ የበሰለ ቡቲል ነው። የመለጠፊያው ቡቲል ያልበሰለ በመሆኑ ራሱ ከላሜራው ጋር ይጣበቃል፤ ንዝረቱንም በውስጡ ይበላዋል። የበሰለው ግን እንደ ጎማ ተስቦ ይመለሳል፤ በላዩ ላይም የሚይዘው አልሙኒየም ስለሌለ ከላሜራው ጋር አብሮ ከመርገብገብ በቀር ብዙ አይሠራም። የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ የሚንቀጫቀጩትን የፕላስቲክ መሸፈኛዎች በሚይዙ ቪቴዎች ሥር ትንንሽ ቁራጭ ቢያደርጉ መንቀጫቀጩ ይቀንሳል። ከዚያ ያለፈው የኮብልስቶን ድምፅ የአሞርሳተርና የቡሽ (በእግሩ መጋጠሚያዎች ላይ ያለው ጎማ) ጉዳይ ነው።

በአየር የሚመጣውን ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፤ የመከላከያው ክብደት በእጥፍ ሲያድግ መከላከሉ በስሌት በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይጨምራል። ለዚህ ከቡቲሉ በላይ ውኃ የማይመጥ ፎም፣ ከፎሙ በላይ ደግሞ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ የሚሆን ከባድ የጎማ ወይም የቪኒል ምንጣፍ ይነጠፋል። ፎሙ ምንጣፉ ላሜራውን እንዳይነካና ንዝረቱን እንዳይወርስ ያለያየዋል። ይህ ምንጣፍ ቁራጭ በቁራጭ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም፤ ከስፋቱ አንድ መቶኛው ክፍት ቢሆን፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ጠቅላላ መከላከሉ ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። ስለዚህ ንዝረት የሚገድለው በከፊል ቢለጠፍ ይበቃል፤ ድምፅ የሚያግደው ግን ክፍተት ሊኖረው አይገባም። ብዙ ሰው የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው።

አስቀድመውና ከሠሩ በኋላ በስልክዎ ቢለኩ በተመሳሳይ መንገድ፣ ፍጥነትና የጎማ ነፋስ ይሁን። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ለጆሮ ግማሽ ያህል ይመስላል፤ ከ3 በታች የሆነውን ግን ጆሮ በቀላሉ አይለየውም፤ በእጅ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የጥቂት ዴሲቤል ቅናሽ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ በመሆኗም ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ስለምናስጮኸው የሞተሩ ድምፅ ከፊት ይመጣል። በሞተሩና በዳሽቦርዱ መካከል ባለው ላሜራ ላይ ሽቦ የሚያልፍባቸው ጎሚኒዎች መቀደድ አለመቀደዳቸውን ይዩ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎማዎቹንና ኩሽኔታውን አስቀድሜ አስመረምራለሁ፤ ስፖንጁንና ሬንጁን ትቻለሁ። ወለሉን ለመሥራት ወንበሮቹን ማንሣት ስላለብኝ ግን ከሥራቸው ቢጫ ማያያዣ ያለው ሽቦ አየሁ። በራሴ ልንቀለው?

መልስ፦ ቦዲ ሠሪ፣ አዘዞ

ቢጫው የኤርባግ ነው። ቁልፉን ያጥፉ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ ሽቦውን መንቀል የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ሽቦው በተነቀለበት ጊዜ ቁልፉን አያብሩ፤ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል፤ እሱን ለማጥፋት ደግሞ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ መሄድ ይኖርብዎታል። የወንበሩን ቡሎኖች ሲመልሱ በፋብሪካው ልክ ይጠበቁ፤ ንጣፉም ሆነ ፎሙ ከወንበሩ እግር ሥር እንዳይገባ በዚያ ቦታ ቆርጠው ያውጡት፤ ምክንያቱም በመካከል የገባ ለስላሳ ነገር ቡሎኑን ያላላዋል።