የጾም ቸኮሌት ካፕኬክ መሃሉ እየሰረጎደ አስቸገረኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ኬክ የምትጋግሩ ሁሉ እባካችሁ እርዱኝ። የልጄ ልደት ነሐሴ 10 ቀን፣ ፍልሰታ ላይ ነው፤ ለጓደኞቿ የጾም ካፕኬክ ቃል ገብታለች።

የምጠቀመው 1 ተኩል ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ነው። ኦቭኑ 180 ዲግሪ። መጀመሪያ ጉብ ብሎ ደስ ይላል፤ ከዚያ ገና ሳይወጣ መሃሉ ስርጉድ ይላል። ዳሩ ደረቅ፣ ውስጡ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሊጡ ሳይበስል ቶሎ ይነፋል። ሶዳውን ልቀንስ? ስንት? አቼቶውስ አብሮ ይቀነሳል? ስኳሩንም ቀንሺ የሚሉኝ አሉ፣ ግን ካካዎው እንዳይመር ፈራሁ። እዚሁ ከተማ ጋግራችሁ የተሳካላችሁ ልኩን ንገሩኝ።