«ባእድ» ወይስ «እንግዳ»?

የሂርማታ ልጅ፦ ከጅማ ሰላም ብያለሁ። የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን አጭር መግለጫ በአማርኛ ስትጽፍ አንድ ቃል ላይ ተይዛለች። ነገሩ ማማ በሌለበት፣ ስልክ ለስልክ እየተቀባበሉ መልእክት ስለሚያሻግሩበት ኔትወርክ ነው። አንዱ ስልክ «አጭሩ መንገድ በእኔ በኩል ነው» ብሎ ይዋሻል። ፓኬቱ (የመልእክቱ ቁራጭ) ሲደርሰው ውጦ ጭጭ! ይህን ለመያዝ ከሰውነት በሽታ መከላከያ ዘዴ ተውሳለች። «ሥርዓቱ የራሱን ከባእድ ይለያል» ብላ ጻፈች። ባእድ ትበል እንግዳ?

ቡና ጠጡ፦ እንግዳ! ሐኪሞቹስ «ፀረ እንግዳ አካል» አይደል የሚሉት? አለቀ።

መሪጌታው፦ ምኑ አለቀ? እንግዳ፣ ነጋዴ፣ መንገድ፣ ሁሉም ሥራቸው «ነገደ» ነው። እንግዳ መንገደኛ ነው፤ ምን አጠፋ?

ቡና ጠጡ፦ ታዲያ የልጅቷ ጉዳይ የመንገድ ጥቃት አይደል? ከሥሩ ገጠመ እኮ!

ሽቦ አልባ፦ ቆይ፣ አሠራሩን እንይ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ስቴፋኒ ፎረስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ዘዴ አለ። መርማሪዎችን በዘፈቀደ ትፈጥራለህ። ጤናማውን እንቅስቃሴ የሚነክሱትን ትጥላለህ፤ ደረት ውስጥ ያለው ዕጢ፣ ታይመስ፣ የገዛ አካልን የሚያጠቁ ቲ ሴሎችን (የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን) እንደሚያስወግደው። የተረፉት ያልተለመደውን ይይዛሉ። ግን ውሸታሙ ስልክ ከውጭ ላይመጣ ይችላል። ትናንት ፓኬት ሲያሻግር የዋለ አባል ሊሆን ይችላል። እንዴት እንግዳ ይባላል?

መሪጌታው፦ ለዚህ ነዋ ባዕድ! በግእዝ «ሌላ» ማለት ነው። «አምላክ ባዕድ» ሌላ አምላክ እንጂ ፓስፖርት የያዘ አይደለም።

ቆሎ ተማሪ፦ ሰዋስው ላይ «ባዕድ መነሻ» እንል የለ? «አስጠራ» ላይ «አስ» ባዕድ ነው፤ ግን ቃሉ ውስጥ ገብቶ ይኖራል።

ሽቦ አልባ፦ ኧረ ግሩም ነው! የበሽታ መከላከያ ተመራማሪዋ ፖሊ ማትዚንገርም በዚያው በ1994 ሰውነት የሚቆጣው ባዕድ ስላየ ሳይሆን ጉዳት ስለተሰማው ነው ብላ ተከራክራለች። የምንበላውስ ባዕድ አይደል? ሰውነት ግን ዝም ይለዋል። እኔ «ጎጂ» እላለሁ።

ቡና ጠጡ፦ «ጎጂ» ደረቀብኝ። «ከዳተኛ» ይሁን፤ ከ«ክሕደ»።

መሪጌታው፦ አንተ ልጅ፣ «ክሕደ» የ«ካደ» ነው፤ ካደና ከዳ አንድ ናቸው? ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ቆየህ?

ቡና ጠጡ፦ በበሩ አልፌያለሁ፣ የኔታ።

የሂርማታ ልጅ፦ ጎበዝ፣ ማስረከቢያዋ ነገ ነው። ባእድ ወይስ እንግዳ?

መሪጌታው፦ መጀመሪያ በዐይኑ «ዕ» ጻፈው።